ነጩን ልብስ ያወለቀበት ቀን

ሎክናት ነጭ የሐዘን ልብሱን አውልቆ ግራጫ ሱሪና ሰማያዊ ጃኬት ለበሰ። እናቱ ከሞተች ሁለት ወር አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ሳይለብስ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ዓመቱ እስኪሞላም እንደዚያው መሆን ነበረበት። ሚስቱ የወለቀውን ልብስ አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች። መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲያየው የሰው ልብስ ተውሶ ሥራ ፍለጋ የወጣ መሰለው። ደስ አላለው፣ አልከፋውምም። ሁለት ወር ሙሉ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ምግቡ አይጥመው፣ እንቅልፉ አያሳርፈው፣ እንባውም የት እንደገባ አይታወቅ። አስከሬኗ በተቃጠለበት ቀን እንኳ ዘመድ ሁሉ ሲጮህ እሱ ደርቆ ነው የቆመው።

ነጩን ያስወለቀው የአክስቱ ልጅ ኪሾር ነው። ኪሾር እናቱን ሄምኩማሪን ዓይኗን ሊያሳክማት ከኢላም ወደ ካትማንዱ ይዟት መጥቶ ነበር። ዓመታት ሙሉ ሰውን በድምፁ ብቻ ስትለይ የኖረችው አሮጊት፣ የዓይኗ ሞራ ተገፎላት አሁን የሰው ሽበት መቁጠር ጀምራለች። ሐኪሙ ግን አጥብቆ አስጠንቅቋል፤ ቁስሉ እስኪሽር ዓይኗን እንዳታሽ፣ እንዳታለቅስ። ችግሩ ይሄ ነው፤ አታልቅሽ የተባለችው ሴት ታናሽ እህቷ ሱብሃድራ፣ የሎክናት እናት፣ መሞቷን አልሰማችም። በፊት «ከተረዳች ሕክምናው ይቅርብኝ ትላለች» ተብሎ ተደበቃት፤ አሁን ደግሞ «ዓይኗ ይጠፋል» ተብሎ ተደበቃት። መርዶ አንዴ ካደረ ምክንያት አይጠፋለትም።

«ነገ ወደ አገሯ ይዣት እመለሳለሁ» ብሎት ነበር ኪሾር በስልክ። «እዚያ ዓይኗ ሲሽር ቀስ ብለን እናረዳታለን። ዛሬን ብቻ ያዝልኝ። እናንተ ቤት እንዳትመጣ፤ የሰፈራችሁ ሰው አፉን መያዝ አይችልም። አንተ አስጎብኚ አይደለህ? አስጎብኛት።»

«ነጭ ለብሼ?»

«ነጩንማ ታወልቃለህ እንጂ! ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?»

ምን እንደሚሆን ሎክናት አያውቅም። ልጅ ለእናቱ ዓመት ሙሉ ነጭ ይለብሳል፣ ወተት አይቀምስም፣ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ ግንባሩ ላይ የበረከት ምልክት የሆነውን ቀይ ቲካ አይቀባም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ለአባት ሲሆን የሚተወው እርጎ ነው። አንዱ ቀን ቢጓደል ግን እናቱ ባለችበት ምን እንደሚያገኛት የነገረው ሰው የለም፤ ካህኑ ዘንድ ሄዶ ለመጠየቅም ጉልበት አጣ። «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ለነገር ሁሉ እሺ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

በሐዘኑ ጊዜ የተላጨው ጠጉሩ ገና ስላልሞላ ቆብ ደፍቶ ወጣ። ደጅ ላይ ቹዳማኒ ታክሲውን አስነስቶ ይጠብቀዋል። ሁለቱ ለዓመታት ቱሪስት ሲያመላልሱ የኖሩ ባልደረቦች ናቸው። ቹዳማኒ ከላይ እስከ ታች አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ቤተ መቅደስ አብረኸኝ ግባ ብትልህስ? ምን ልትላት ነው?»

«እንጃ።»

«እንጃ ብሎ መልስ አለ? እንካ፣ ቀበቶዬን ታጠቅ። ቆዳ ነው። ቆዳ ታጥቄ አልገባም በላት።»

«አንተስ?»

«እኔ ሱሪዬን በእጄ ይዤ እነዳለሁ። ወንድሜ፣ ለጓደኛ የማልሆነው ነገር የለም።»

ሎክናት ቀበቶውን ታጠቀ። ለሐዘንተኛ ቆዳም ክልክል ነው፤ ነጩ ከወለቀ በኋላ ቀበቶ ምን ቁም ነገር አለው ብሎ ተወው።

ሄምኩማሪ ያረፈችበት ቤት በር ላይ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ለመሄድ የቸኮለች ሙሽራ ይመስል ቦርሳዋን አንግታ ቆማ ነበር። ሎክናት ከልጅነቱ ጀምሮ «ትልቋ እማዬ» ነው የሚላት። ጎንበስ ብሎ እግሯን ሲሳለም እጇን ቆቡ ላይ ጫነችና መረቀችው። ቆቡን እንዳታነሳው ፈርቶ ነበር፤ አላነሳችውም።

«እንዲህ ነው እንዴ የምትመስለው!» አለች ቀና ሲል። «በድምፅህ ስገምት ቆንጆ ልጅ አለኝ ብዬ ስኩራራ ኖሬ!»

«ሕክምናው ጎዳኝ ይበሉኛ፣ ትልቋ እማዬ።»

«ከስተሃል። ሱብሃድራ አታበላህም?»

ሎክናት ቦርሳዋን ተቀበላት። ቹዳማኒ ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው የመኪናውን በር ከፈተ። «ይግቡ እናቴ፣ ይግቡ፣ ፖሊሱ ሊቀጣኝ ነው!»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሄምኩማሪ በሎክናት ጆሮ ስር ጀመረች። «ባናራስ! ከሰፈር ሴቶች ጋር ባናራስ ሄደች አላችሁኝ። እኔ ዓይኔ በርቶ ስመጣ እሷ ለመሳለም ባናራስ? ‹ዓይንሽ ይብራ እንጂ ከተማውን የማዞርሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ ለፈረንጅ የሚያወራውን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ› ያለችኝ ማን ሆነችና! ትመጣና አሳያታለሁ። ስልክ እንኳ አታነሳም።»

«እዚያ ኔትወርክ የለም» አለ ቹዳማኒ።

«ባናራስን የሚያህል ከተማ?»

«ሰው በዛ። ሁሉም በአንዴ ይደውላል።»

ሄምኩማሪ በጥቁሩ መነጽር ውስጥ የሹፌሩን ማጅራት አየች።

ባሳንታፑር አደባባይ ወርደው ወደ ጥንቱ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ አሁን ሙዚየም ነው። የሎክናት አፍ ሥራውን ያውቃል። በዚህ ግቢ ነገሥታቱ ዘውድ ይጭኑ ነበር፣ ይህ መስኮት በእጅ የተፈለፈለ ነው፣ ያኛው ግንብ በመሬት መንቀጥቀጡ ፈርሶ ከነሙሉ እንጨቱ እንደገና የቆመ ነው እያለ ይቀጥላል። እሱ ራሱ ግን እዚያ የለም፤ የገዛ ድምፁን ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ሬዲዮ ያዳምጠዋል። አንድም ቦታ አልተሳሳተም። እናቱ በሞተች ማግስት ቢጠይቁትም እንዲሁ ሳይሳሳት ይናገር እንደነበር ያውቃል፤ ይህም አላስደነገጠውም።

ሄምኩማሪ አትሰማውም፤ ታያለች። ዓይኗ የራበው ሰው ሆናለች። የእንጨቱን ቅርጽ፣ የበሩን መዝጊያ፣ የፈረንጅ ሴቶችን ቁምጣ፣ ሁሉንም እኩል ነው የምታየው። የነገሥታቱ ሥዕል ፊት ቆማ አንዱን በጣቷ አመለከተች። «ይኼኛው ጺሙን ብቻ የሚያበጥር ሎሌ ሳይኖረው አይቀርም። ሱብሃድራ ብታየው ትስቅ ነበር።»

«ትስቅ ነበር» አለ ሎክናት።

ወረድ ብሎ ባለው አዳራሽ ከድንጋይ የተጠረበ አምላክ ቆሟል። ሄምኩማሪ ሳይቀድሟት ሄዳ ግንባሯን እግሩ ላይ ደፋች። ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

«እናቴ! አይነካም!»

«አምላኬን ነው የነካሁት፤ አንተን መቼ ነካሁህ?»

«ቅርስ እኮ ነው እናቴ።»

«ቅርስ? አበባ የሚያመጣለት አለ? ምግብ የሚያቀርብለት አለ? ጫማችሁን እንኳ ሳታወልቁ ትመላለሱበታላችሁ። አስራችሁ ስታበቁ ቅርስ!»

ዘበኛው ሎክናትን አየው፤ ሎክናት ትከሻውን ሰበቀ። ሙዚየም የገባ አምላክ ትንፋሹ የወጣ ነውና ሐዘንተኛ ቢያየው ነውር የለውም ይባላል፤ ለዚህ ነው እዚህ ያለ ፍርሃት የገባው። ድንጋዩን አየው፤ ድንጋዩም አየው። ከሁለቱ የቱ ትንፋሽ እንዳለው ለይ ቢባል ዘበኛው ይቸገር ነበር።

ሲወጡ ከቹዳማኒ ጋር አደባባዩ ጥግ ሻይ ለመጠጣት ተቀመጡ። ሎክናት ከመናገሩ በፊት ሄምኩማሪ አዝዛ ነበር፤ ሦስት ብርጭቆ ሙሉ፣ ወተቱ የፈላ፣ ከላይ ስልባቦት የያዘ ሻይ መጣ። አንዱን አንስታ በእጇ ሰጠችው። ያዘው። ትኩስነቱ መዳፉን ፈጀው፤ መፍጀቱን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እርግቦቹ ግር ብለው ሲነሱ ፊቷን ወደዚያ አዞረች፤ በዚህ መሃል ብርጭቆውን ቹዳማኒ ባዶ ባደረገው ብርጭቆ ላይ ገለበጠው። ቹዳማኒ አፉ እየተቃጠለ ጠጣ።

«ጨረስክ?» አለች ስትዞር።

«ጨረስኩ።»

«ልድገምህ?»

«በቃኝ ትልቋ እማዬ።»

ከንፈሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የራሷን ሻይ እስከ አተላው ጠጥታ ተነሳች።

ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ስዋያምቡ ኮረብታ የወጡት በኋላ በኩል በመኪና ነው። ጦጣዎቹ የሰው ቦርሳ እየበረበሩ ነበር። ሄምኩማሪ ጫማዋን አውልቃ የሎክናትን ክንድ ያዘች፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ እዚህ ልቁም። ቀበቶዬ ቆዳ ነው።»

«አውልቀህ ከጫማው ጋር ተወዋ።»

«ሱሪዬ ይወድቃል።»

አሮጊቷ ወደ ቹዳማኒ ዞረች። ቹዳማኒ ሱሪውን በጡጫው ጨብጦ ሰማይ ሰማይ ያያል። «ቀበቶ የሌለው ይገባል፣ ቀበቶ ያለው ይቀራል። ምን ዓይነት ከተማ ነው ይሄ?» አለችና የሹፌሩን ነጻ ክንድ ይዛ ሄደች። ሎክናት ጫማ ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ከላይ የጸሎት ደወል ይሰማል። ሁለቱ ዙሪያውን ሲዞሩ አያቸው፤ ቹዳማኒ የሆነ ነገር ይለፈልፋል፣ እሷ አትመልስለትም። ሎክናት ውሸት ያን ያህል ቀላል መሆኑ ገረመው። ቀድሞ ለእናቱ ሃያ ደቂቃ ማርፈዱን እንኳ መዋሸት ይከብደው ነበር።

ስትመለስ ከተማውን ቁልቁል እያየች ጠየቀችው። «ቤታችሁ የት ጋ ነው?»

«ያ ማዶ ነው። ቻባሂል።»

«ቁልፍ የለህም? ገብቼ ሱብሃድራ አልጋ ላይ ትንሽ ጋደም ልበል። ደክሞኛል።»

«ቁልፉ ሚስቴ ጋ ነው። ሥራ ናት።»

«እሺ» አለች ሄምኩማሪ። «እንግዲያው ፓሹፓቲ ውሰደኝ።»

ይህንን ነበር የፈራው፤ መፍራት ከተባለ። ቹዳማኒ ጣልቃ ገባ። «እናቴ፣ እዚያ ሰዉ ብዛቱ! ይልቅ አዲሱን ግንብ ልውሰድዎት፤ በአሳንሰር ነው የሚወጣው!»

«ዓይኔ በርቶ ካትማንዱ ደርሼ ፓሹፓቲን ሳልሳለም ብመለስ ኢላም ያለ ሰው ምን ይለኛል? አሳንሰር አየሁ ልበላቸው?»

ሎክናት «እሺ» አለ።

ፓሹፓቲ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ቤተ መቅደሱ ከወንዙ አፋፍ ነው፤ ከበታቹ በወንዙ ዳር አስከሬን የሚቃጠልባቸው የድንጋይ መደቦች ተደርድረዋል። እናቱ ከነዚህ በአንዱ ላይ ነው የተቃጠለችው። የመጀመሪያውን እሳት አፏ ላይ ያኖረው እሱ ራሱ ነው፤ ልጅ ነውና። አሁን እዚያው መደብ ላይ የሌላ ሰው እንጨት ይጨሳል። አንድ ጎልማሳ ውሃው ዳር ቁጢጥ ብሎ ጠጉሩን ይላጫል። ሎክናት የሚሰማው ነገር ካለ ብሎ ጥቂት ጠበቀ። ጭሱ ዓይኑን ቆጠቆጠው፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ሄምኩማሪ ስለ ቀበቶው አልጠየቀችም። ከቹዳማኒ ጋር ገባች። ሎክናት ከበሩ ወረድ ብሎ ወንዙን የሚያሳየው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እሷ በእጇ ከቅጠል የተሰፋ ሳህን ይዛለች፤ ውስጡ አበባና በሩዝ የተለወሰ ቀይ ቲካ አለ። በሌላ እጇ ትንሽ የናስ ማሰሮ፣ የተባረከ ውሃ። ጥቁር መነጽሯን አውልቃለች። የታከመው ዓይኗ ቀላ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ያየዋል።

«ቆብህን ከፍ አድርግና ጎንበስ በል» አለችው። «በአምላክ ቤት የተባረከ ነው።»

ቹዳማኒ ከኋላዋ ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠ፤ ሱሪውን ረስቶ በሁለት እጁ «ተው! ተው!» ሲል ሱሪው ወረደበትና በጭንቅ ያዘው። የሚያስቅ ነገር ነበር። የሳቀ የለም።

ሎክናት አሰበ። እምቢ ካለ ይገባታል። ከገባት ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ዓይኗ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን ጨለማ ወጥታ ያየችው ይህቺን አንዲት ሳምንት ብቻ ይሆናል። እሺ ካለ ደግሞ የእናቱን ዓመት በገዛ እጁ ማፍረሱ ነው። ላላለቀሰላት እናቱ ያደረገላት ሌላ ነገር አልነበረም፤ ልብስ አለመቀየር፣ ወተት አለመጠጣት፣ ግንባሩን አለማስነካት። ያችው ብቻ ነበረች የቀረችው።

ጎንበስ አለ።

አውራ ጣቷ ግንባሩ ላይ አረፈ። ቀዩን ጫን አድርጋ ለጠፈችውና ጣቷን ሳታነሳ ጥቂት ቆየች። ከዚያ «እሰይ!» ብላ ደረጃው ላይ ዝርፍጥ አለች። «እሰይ! እሰይ ልጄ!»

«ምነው ትልቋ እማዬ?»

«ይቅር በለኝ! ከጠዋት ጀምሮ ክፉ ሳስብ ነው የዋልኩት።» እየሳቀች ጉልበቷን መታች። «ባናራስ ስትሉኝ ጠረጠርኩ። ይሄ ጅል ሹፌርህ ኔትወርክ የለም ሲለኝ ይበልጥ ጠረጠርኩ። ሻዩን ስትገለብጥ አይቼሃለሁ፤ ሁለት ዓይን አለኝ እኮ አሁን! ሞታለች፣ ደብቀውኝ ነው አልኩ። እዚያ ውስጥ ቆሜ ጸሎት እንኳ እምቢ አለኝ። ታዲያ ልፈትነው አልኩ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ቲካ አይቀበልም፤ የሱብሃድራ ልጅ ደግሞ ቢሰቅሉት አይቀበልም። ተቀበልክ! አለች! እህቴ አለች!»

ቹዳማኒ ፊቱን አዞረ።

«ተነሱ፣ ገበያ እንሂድ» አለች ሄምኩማሪ። «ሻርፕ እገዛላታለሁ። ተጣልቻት ነበር በልቤ፤ ካሣ ይሁናት። ምን ዓይነት ቀለም ነው አሁን የምትወደው?»

«ቡናማ» አለ ሎክናት። «ቡናማ ትወዳለች።»

እንደዚያ ሲላት ለአፍታ እሱም አመነ። እናቱ ባናራስ ናት፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ቦርሳዋን ይዛ ትመጣለች፣ ሻርፑን አገላብጣ ታያለች፣ ተወደደ ብላ ትቆጣለች። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀ። ሁለት ወር ሙሉ ያልሞቀ ነገር ነበር። ወዲያው ደግሞ አመመው፤ ይህችን ሴት ገበያ ወስዶ ለሞተች ሰው ሻርፕ እንድትመርጥ ቆሞ ማየት እንደማይችል ገባው።

«ትልቋ እማዬ፣ ሞታለች።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ጊዜ ተናግሮት አያውቅም። ለዘመድ የደወሉት ሌሎች ናቸው፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ደግሞ ነጩን አይቶ አንገቱን ይደፋል እንጂ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ልብሱ ነበር ሲናገርለት የከረመው።

«ማን?» አለች፤ እያወቀች።

«እናቴ። እናቴ ሞታለች። እዚያ ነው ያቃጠልኳት።» በሥራው ልማድ መዳፉን ገልብጦ እጁን ዘረጋና መደቡን አሳያት። «ከድልድዩ በስተቀኝ ያለው።»

ሄምኩማሪ እጁ ወደ ጠቆመው አየች። ቅጠሉን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇ ወደ ዓይኗ ተነሳ፤ ፊቷ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ተመልሶ ጉልበቷ ላይ አረፈ። ለረጅም ጊዜ በአፍንጫዋ ብቻ ተነፈሰች።

«አላለቅስም» አለች በመጨረሻ። «ለዚህ ዓይን ስለት ስትሳል የኖረችው እሷ ናት። አላበላሽባትም።»

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ከማሰሮው ውሃ ነከረችና ሎክናትን ወደ ራሷ ሳበችው። ግንባሩን አጥብቃ ትጠርግ ጀመር። «ሞኝ» ትለዋለች እየፈተገችው። «አንተ ሞኝ። ለኔ ዓይን ብለህ የሷን ዓመት ታፈርሳለህ? ማን አስተማረህ ይህንን? ነጩን ነገ ትለብሳለህ። ዛሬ ማታ ትለብሳለህ። ያ ኪሾር ይጠብቀኝ።» ቀዩ ተጠርጎ ካለቀ በኋላም መፈተጓን አልተወችም። ውሃው በአፍንጫው ላይ ወረደ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«አሁን አልቅስ» አለችው።

«እምቢ ብሎኛል ትልቋ እማዬ። ሁለት ወር ሙሉ እምቢ ብሎኛል።»

«እኔ ተከልክያለሁ» አለች። «አንተ አልቅስልኝ።»

መጀመሪያ የመጣው ሳል የመሰለ ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቆቡ ወድቆ ደረጃውን ተንከባለለ። በአጠገባቸው የሚያልፉ ሰዎች ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ እዚያ ቦታ ሰው ሲያለቅስ ማንም አይገርመውም። ቹዳማኒ ሱሪውን ይዞ ወርዶ ቆቡን አነሳና አቧራውን እያራገፈ ራቅ ብሎ ቆመ። ሄምኩማሪ ዓይኗን ሳትከድን ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አደረገች፤ እጇን የሎክናት ማጅራት ላይ አሳርፋ፣ እሱ እስኪያበቃ ድረስ ለቅሶውን ትሰማ ነበር።